ሐሙስ ተነስቶ ሐሙስ የሚደርስ ፎቶ፦ ከጅማ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ። ዕቅድና ዕቃ

ሥራው አጭር ነው፦ በሄርማታ ገበያ፣ በቡና ማስጫና በየሰፈሩ ያሉ ሰዎችን የፊት ፎቶ ማንሳት፣ አሳጥቦ በእጃቸው መስጠት፣ በዚያ ሰበብ መተዋወቅ። ዕቅዱ የተጀመረው ግን ከመጨረሻው ነው። ካሜራ ከመመረጡ በፊት ፎቶው ለባለቤቱ በየትኛው ቀን፣ በማን እጅ፣ የት እንደሚደርስ ተወሰነ። ሰው ፎቶ ሲነሳ ገና እንግዳ ነው፤ ወሬው የሚጀመረው ወረቀቱ ሲመጣለት ነው። "አመጣለሁ" ብሎ የቀረ አንሺ ደግሞ ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ በር ይዘጋል።

ስለዚህ ቀኑ ሐሙስ ሆነ። ሐሙስ ከድሮም የሄርማታ ገበያ ቀን ነው፤ ከገጠር የሚገባ ሻጭ በሚቀጥለውም ሐሙስ ብዙ ጊዜ እዚያው ቦታው ላይ ይገኛል። ሐሙስ ማንሳት፣ ዓርብ መምረጥና ማሳጠብ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ማድረስ። ሁለት ገበያ ካለፈው ሰውየው ይረሳል፣ ወይም ሸጦ ጨርሶ ይቀራል፣ ወይም ስልኩ አይነሳም።

ሦስት ሰው ይበቃል፦ አንሺ፣ መዝጋቢ፣ ብርሃን መላሽ ያዥ። ከዚያ በላይ ሲሆን የቀረጻ ቡድን ይመስልና ሕዝብ ይከባል። ከሦስቱ አንዱ አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚናገር መሆን አለበት፤ "ኦቦ" (አቶ)፣ "አደ" (ወይዘሮ) ብሎ ሰላምታውን ሳያሳጥር የሚጨርስ። ከሦስቱ አንዷ ሴት ብትሆን ሥራው በግማሽ ይቀላል፤ ለወንድ አንሺ ፊታቸውን የሚያዞሩ እናቶች ለሴት ይቀመጣሉ።

ካሜራው ክሮፕ ሴንሰር (አነስ ያለ ብርሃን ተቀባይ) ያለው ተራ ዲጂታል ነው፤ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። በዚህ ሴንሰር ላይ የ75 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያህል ያቀርባል። ተነሺው ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይርቃል፤ በዚህ ርቀት ድምፅ ሳይነሳ ይወራል፣ ካሜራም አፍንጫ ሥር አይደቀንም። በስልክ ከሆነ በዋናው ሌንስ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር መጠጋት አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ይደብቃል፤ ወደ ኋላ ብሎ 2 እጥፍ የሚያቀርበውን መጠቀም ነው። ጀርባን የሚያደበዝዘው "ፖርትሬት" የሚለው ሞድ የነጠላ ዘርፍና የጸጉር ጫፍ ስለሚበላ ይዘጋል። ፊት የሚያለሰልሰው "ቢዩቲ"ም እንዲሁ፤ በአንዳንድ ስልክ ላይ ሳይነካ በርቶ ነው የሚገኘው፣ የሽማግሌ ፊት መስመር ያጠፋል፣ ቆዳ ያነጣል።

ብርሃን መላሹ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ነጭ ፎም ነው። ፎም ከጠፋ ሁለት ነጭ ማዳበሪያ ገልብጦ፣ ሰፍቶ፣ በእንጨት መወጠር ይሠራል። የብር ቀለም ያለውን አንወደውም፤ ዓይን ያስጨፍናል። ሌላው ዕቃ ትርፍ ባትሪ፣ ሁለት ሚሞሪ ካርድ፣ በርጩማ፣ ደብተር፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ካርቶኖችና ፖስታ ነው። የጅማ ክረምት እርጥበቱ ከባድ ስለሆነ በቦርሳ ተቆልፎ የከረመ ሌንስ ውስጡ ሻጋታ ያበቅላል፤ በባትሪ ብርሃን አሻግሮ ሲታይ እንደ ሸረሪት ድር ነው። ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ማስቀመጥ ነው መፍትሔው።

ጥቅምት። ሄርማታ፣ በረንዳ ሥር

ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ፀሐይ በቀጥታም ይሠራል። ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ አናት ትጠጋለች፤ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ የባርኔጣና የሻሽ ጥላ ፊትን ለሁለት ይከፍለዋል። ያኔ በረንዳ ሥር መግባት ነው። የድሮዎቹ ሱቆች በረንዳ ጠርዝ ላይ ሰውን ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ማቆም፤ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ለስለስ ብሎ ይመጣል፣ ከጀርባ ያለው የሱቅ ጨለማ ደግሞ ራሱ መጋረጃ ነው። ከጠርዙ ወደ ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ከገቡ ዓይን ውስጥ ያለው የብርሃን ነጥብ ይጠፋል። ያ ነጥብ ከጠፋ ፊቱ ይሞታል፤ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ጥቅም የለውም።

ከፀሐይ ለመሸሽ ሰማያዊ ሸራ ሥር መግባት ፊትን ያሰማየዋል። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳም ከአጠገቡ የቆመን ሰው ጉንጭ ያረነግዳል። ይህ በኮምፒውተር ለማስተካከል አስቸጋሪ ነው፤ አንዱ ጉንጭ ሲስተካከል ሌላው ቀይ ይሆናል። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መቅረብ ይሻላል።

አሁን ስለ ብርሃን ልክ፤ ለእኛ ቆዳ ዋናው ጉዳይ ይኸው ስለሆነ ረዘም ይላል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት በነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆሙ ካሜራው "ይህ በጣም በርቷል" ብሎ ያጨልማል፣ ፊታቸው ከሰል ይሆናል። በጨለማ ሱቅ ፊት የቆመ ጠይም ሰው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ካሜራው ያበራል፣ ግንባርና የአፍንጫ ጫፍ ይነጣሉ። ስለዚህ የካሜራው ብርሃን ማስተካከያ በነጭ ግድግዳ ፊት ከ+0.7 እስከ +1፣ በጨለማ በር ፊት −0.7 አካባቢ። ከሁለቱም የሚሻለው ስፖት ሜትሩን (የትንሽ ቦታ ብርሃን ብቻ የሚለካውን) ብርሃን በሚያገኘው ጉንጭ ላይ አድርጎ ለክቶ መቆለፍ ነው፤ ፊቱ በጣም ጠቁሮ የሚያበራ ከሆነ ከተለካው ግማሽ ወይም አንድ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ሲቀነስ ብርሃኑ በግማሽ ያንሳል) መቀነስ፣ ምክንያቱም የሚያምረው ግራጫ ሲሆን አይደለም። የጥቁር ቆዳ ቅርጽ የሚታየው በጥላው ሳይሆን በላዩ በሚያርፈው ነጸብራቅ ነው፤ ነጩ ሰሌዳ (ፎሙ) በደረት ከፍታ፣ ከፊት 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ በጎን በኩል የሚያዘው ለዚህ ነው። በስልክ ጉንጩ ላይ ጣት አቆይቶ መቆለፍና ብርሃኑን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መጎተት ይቻላል።

በደመናማ ጠዋት በረንዳ ሥር መነሻው ኤፍ 4፣ የመዝጊያ ፍጥነት 1/200 ሴኮንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 ነው። ኤፍ 1.8 እያለ ለምን 4? በ1.5 ሜትር ርቀት በ1.8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ዓይን ሲጠራ ጆሮ ይደበዝዛል፣ ካሜራው የነጠላውን ጥለት ከያዘ ደግሞ ዓይኑም ይሄዳል። በኤፍ 4 ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ፊቱ በሙሉ ይገባል። ፍጥነቱ ከ1/125 ሲወርድ የሚያወራ ሰው ከንፈር ይደበዝዛል፤ እኛ ደግሞ ሰው እያወራ እንዲነሳ ነው የምንፈልገው።

ስለ ማውራት። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ስለ ሸቀጡ፣ ካሜራው አንገት ላይ እንደተንጠለጠለ። "አባባ፣ ፎቶ ባነሳዎት? ለሐሙስ አሳጥቤ አመጣልዎታለሁ።" "በስንት ነው?" "በነፃ ነው።" እዚህ ላይ ጥርጣሬ ይመጣል፤ በነፃ የሚሰጥ ነገር ምን ተንኮል አለው? መልሱ ንግግር አይደለም፤ ቀድሞ የታጠበ የጎረቤት ሻጭ ፎቶ፣ ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር፣ አውጥቶ ማሳየት ነው። የመጀመሪያው ሐሙስ የሚከብደውም ማሳያ ስለሌለ ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ይነሳል።

"ፈገግ ይበሉ" አይባልም። ብዙ ሰው ለፎቶ የሚኮሳተረው ስለተከፋ አይደለም፤ ክብሩን እየጠበቀ ነው። መጀመሪያ ራሱ በፈለገው መልክ፣ ቀጥ ብሎ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ሙሉ ቁመቱን ይነሳል። ጫማው ይታይ፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የተቆረጠ ፎቶ "እግሬን የት አደረግከው?" ያስብላል። ከዚያ በኋላ ዋጋ ሲጠየቅ፣ ደንበኛ ሲመጣ፣ ከጎረቤት ሲቀልድ የሚነሳው ሁለተኛው ነው። እንደ አንሺ የምንወደው ሁለተኛውን ነው። ለባለቤቱ የሚታጠበው ግን ከመጀመሪያው አይጎድልም።

ምዝገባ። ተነሺው ቁጥር በእጁ አይይዝም፤ እስረኛ ያስመስለዋል። ካርቶኑ ብቻውን አስቀድሞ ይነሳል፣ ቀጥሎ የሚመጡት ፎቶዎች የዚያ ቁጥር ናቸው። ደብተሩ ላይ ስም፣ የሚጠራበት ስም፣ የሚቀመጥበት ቦታ ("ከወፍጮ ቤቱ ፊት፣ ዝንጅብል")፣ ካለው ስልክ፣ ስንት ኮፒ። ቦታው ከስልኩ ይበልጣል። በቀኝ በኩል ሦስት ዓምድ አለ፦ ለራሱ ብቻ፣ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይፈቅዳል፣ ኢንተርኔት ላይ ቢወጣ ይፈቅዳል። አንዱ ፈቃድ ሌላውን አይጨምርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል፤ ሕጉ ባይኖርም በጅማ ስፋት ወሬው ከፎቶው ቀድሞ ይደርሳል። ልጅ ሲሆን ወላጅ ሳይገኝ አይነሳም፤ ታላቅ ወንድም ወላጅ አይደለም።

ጥቅምት። ማሳጠብ

የመጀመሪያው ችግር ጨለማ ነው። ስክሪን ከውስጡ ያበራል፣ ወረቀት አያበራም፤ ሙሉ በሙሉ በበራ ስክሪን ላይ ተስተካክሎ የተላከ ፎቶ ከፎቶ ቤት ጠቁሮ ይወጣል። የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ አውርዶ ማስተካከል፣ ከዚያም አንዱን ፊት በሦስት የብርሃን ልክ (እንዳለ፣ +0.3፣ +0.6) በአንድ ወረቀት ላይ አሳጥቦ በደጅ ብርሃን ማየት። የተመረጠው ልክ ለዚያ ፎቶ ቤትና ለዚያ ወረቀት ብቻ ይሠራል፤ ወረቀት ሲቀየር እንደገና። ለማሽኑ ሠራተኛ "ምንም አታስተካክልልኝ" ማለት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ማሽኑ ራሱ አብርቶ ጠይሙን ሁሉ አንድ መልክ ያደርገዋል።

መጠኑ 13 በ18 ሴንቲ ሜትር ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 1535 በ2126 ፒክሰል ይፈልጋል። በ10 በ15 ሙሉ ቁመት ያለው ሰው ፊት ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፣ መነጽር የሌላቸው እናት አያዩትም። የስልክ ፎቶ 4 ለ 3 ስለሆነ ስልኩ ቆሞ የተነሳው በ10 በ15 ሲታጠብ ከግራና ከቀኝ ይቆረጣል፤ 13 በ18 ለእሱ ይቀርባል፣ ቢሆንም በግራና በቀኝ ክፍት ቦታ መተው ነው። ፋይሉ በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል፣ ጉንጭ ላይ ሰም የተቀባ ይመስላል።

ጀርባው ላይ ቁጥሩና ቀኑ በቀጭን ማርከር ይጻፋል፣ ደርቆ ይደረደራል። በእስክሪብቶ ተጭኖ ከተጻፈ ጽሑፉ በፊት በኩል እንደ ጠባሳ ይወጣል።

ጥቅምት መጨረሻ። ርክክብ

ፖስታዎቹ የሚደረደሩት በቁጥር ሳይሆን በገበያው አካሄድ ነው፦ ቅመም ተራ፣ እህል ተራ፣ ቅርጫት። ሲደርስ ፖስታውን ሰጥቶ መሮጥ የለም። ባለቤቱ ፎቶውን አውጥቶ ያያል፣ ለጎረቤት ያሳያል፣ ጎረቤት አስተያየት ይሰጣል፣ ይሳቃል፤ ለአንድ ሰው ሩብ ሰዓት መመደብ ያስፈልጋል። በአንድ ሐሙስ የሚነሳውን ሰው ብዛት የሚወስነው ይህ ሩብ ሰዓት ነው፤ ካሜራውማ መቶም ያነሳል። ያልተወደደ ፎቶ ይመለሳል፣ ያለ ክርክር እንደገና ይነሳል። ያልተገኘ ሰው ፖስታ ለጎረቤቱ ሊሰጥ የሚችለው ደብተሩ ላይ "ለእገሌ ቢሰጥ ይሆናል" የሚል ካለ ብቻ ነው። የሴት ፎቶ በሦስተኛ ሰው እጅ አይሄድም።

ኅዳር። ቡና ማስጫ

እሸቱ እየወረደ ነው። በማስጫ አልጋዎቹ መካከል የሚሠሩ ለቃሚዎችና አስጪዎች ለፎቶ ጊዜ የላቸውም፤ በኪሎ የሚከፈለውን ለቃሚ በሥራ ሰዓት ማስቆም ገንዘቡን መውሰድ ነው። ሚዛን ሲጠበቅ ወይም ምሳ ላይ ነው የሚነሳው። የባለ ማስጫው ፈቃድ ለቦታው ነው እንጂ ለሠራተኛው ፊት አይሆንም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠየቃል፣ አለቃው በሌለበት ቢሆን ይመረጣል፣ "እምቢ" ለማለት እንዲቻል።

እዚህ አንድ የማይጠበቅ የቀለም ነገር አለ። ፀሐይ ያረፈበት የቀይ ቡና አልጋ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ አልጋው ላይ ያጎነበሰች ሴት አገጯ ሥር፣ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ዙሪያና የዓይኗ ሽፋን የቡና ቅላት ይይዛል። በካሜራው ስክሪን ላይ ሙቀት ያለው ይመስላል፤ ሲታጠብ ቆዳ የተቆጣ ይመስላል። ከአልጋው አንድ ሜትር ተኩል ራቅ ማድረግ ወይም ነጩን ሰሌዳ በአልጋውና በፊቷ መካከል ዝቅ አድርጎ መያዝ ያጠፋዋል። ወደ ጥቁር ቡናማ የዞረው ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ይህ ችግር የለበትም፤ ሰሌዳውም ከዚያ በኋላ ለጥላው ብቻ ይያዛል።

ቤት ተጋብዘን ቡና ሲፈላ፣ አቦል ላይ ካሜራ አይወጣም። ቶና ላይ ከወጣ ማንም አይደነግጥም። አምፖል ይጠፋል፣ ሰው ወደ በሩ ይጠጋል፤ የአምፖሉና የበሩ ብርሃን ከተቀላቀለ ግማሽ ፊት ብርቱካን ነው። መብራቱ ካልጠፋ ደግሞ ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍጥነቱን 1/100 ወይም 1/50 ማድረግ፣ አለዚያ በአንዳንድ ኤልኢዲ ሥር ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ይሰለፋል።

ኅዳር መጨረሻ። በርጩማና ሽማግሌዎች

ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ለመቀመጫ ያምራል፣ ለፎቶ ግን ዘዴ ይጠይቃል። ዝቅ ያለና መሐሉ የጎደጎደ ስለሆነ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጀርባው ይጎብጣል። ጋቢ አጣጥፎ ከኋላ በኩል ብቻ ማንጠፍ ወገቡን ቀና ያደርገዋል። አንሺውም መንበርከክ አለበት፤ ቆሞ ከላይ ወደ ታች ሽማግሌን ማንሳት በፎቶውም በአደቡም ነውር ነው።

ጅሬን ወደሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሽማግሌዎችን ወስደን እናንሳ የሚል ሐሳብ ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡበት ቦታ ነው፣ ለማንኛውም የጅማ ሰው ክብር አለው። ግን የእንጨት በረንዳው በጠዋትና በማታ ፀሐይ ፊት ላይ የጥላ መስመር ያሰምራል፣ ትልቁ ሕንፃም ሰውን ያሳንሰዋል። ቢበዛ አንድ የቡድን ፎቶ። የፊት ፎቶ በየደጃፋቸው ይሻላል፤ እዚያ እንግዳው እኛ ነን፣ የሚያዝዙት እነሱ ናቸው።

ለሽማግሌ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ፎቶ ይነሳል፦ ፊት ለፊት፣ ጀርባው ባዶ ግድግዳ፣ ከአናትና ከትከሻ ዙሪያ ሰፊ ቦታ፣ አይኤስኦ ከ800 ሳይበልጥ። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ቢጎላ እንዲችል ነው፤ በ200 ዲፒአይ 2362 በ3150 ፒክሰል ይበቃዋል። ለምን እንደሚነሳ አንሺው በአፉ አይናገርም። በተለይ በክርስቲያኑ ቤት ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ይያዛል፣ ያም ብዙ ጊዜ ከመታወቂያ ላይ ተጎልቶ ዓይኑ የጠፋ ነው። ባለቤቱ ራሳቸው "ይሄማ ለለቅሶዬ ይሆናል" ብለው ከቀለዱ፣ "ዕድሜ ይስጥልን አባባ" ብሎ ማለፍ ነው። በሚሰግዱበት ክፍል የሰው ፎቶ መስቀል ለማይወዱ ቤተሰቦች ደግሞ ፍሬም አይወሰድም፤ 10 በ15 ለአልበም ይታጠባል።

ታኅሣሥ። የድሮ ፎቶዎች

ይህ በዕቅዱ አልነበረም፤ ፎቶ የደረሳቸው ሰዎች ናቸው ያመጡት። እንግዳ ሲመጣ አልበም ማቅረብ የቤታችን ልማድ ነው፤ ሁለተኛው ጉብኝት ላይ አልበሙ ይወጣል፣ ከውስጡም የተሸበሸበ የአባት ፎቶ። "ይቺን አድሱልኝ።"

ፎቶው ከቤቱ አይወጣም፤ እዚያው ይገለበጣል። ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ ይደረጋል፣ መስኮት በጎን በኩል፣ በተቃራኒው ነጩ ሰሌዳ። ካሜራው ከላይ፣ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ፤ ስልክ ላይ ያለው የውኃ ልክ ይረዳል። ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ከካሜራው በላይ ጥቁር ጨርቅ መዘርጋት የጣሪያውን ነጸብራቅ ይገድላል። ፍላሽ አይበራም። ኤፍ 8፣ 2 ሴኮንድ ቆይቶ የሚያነሳው ሰዓት ቆጣሪ፣ መደገፊያ የግድ። ጀርባውም ይነሳል፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና ቀኑ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ አይላቀቅም። እርጥበት ሲገባ የወረቀቱ ፊት ለስልሶ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል፤ ቢላዋ ከገባ ፊቱ መስታወት ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ፣ መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ መገልበጥ ነው ያለው አማራጭ። በዚሁ ምክንያት እኛ በምንሰጠው ፍሬም ውስጥ በፎቶውና በመስታወቱ መካከል ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ካርቶን ይገባል፤ ፍሬም ሠሪው ሳይነገረው አይጨምረውም።

የተገለበጠው ፎቶ ላይ አቧራና ጭረት ይጠረጋል። ፊት አይነካም። ቀለም ይጨመር ሲባል ባለቤቱ የልብሱን ቀለም ያስታውሱ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ካላስታወሱ እንዳለ ይታጠባል።

ለጥር የቀረ

ያልደረሱ ፖስታዎች በገበያ ተራ ተለይተው ተቀምጠዋል። የቡና ለቃሚዎቹ አብዛኛው ወቅቱ ሲያበቃ ወደ መጡበት ስለሚመለሱ የእነሱ ይቀድማል፤ ስልክ ያላቸው ተደውሎ የት ሰፈር እንዳሉ ይጠየቃል፣ የሌላቸው አብረዋቸው ከሠሩት ይጠየቃል። ደብተሩ ላይ አዲስ ዓምድ ይጨመራል፦ "ወቅቱ ሲያልፍ የት ይገኛል?" ማርከሩ እያለቀ ነው፣ 13 በ18 ፖስታም መገዛት አለበት።